የእትዬ ሽርጉድ አውቶብስ

እትዬ ሽርጉድ የሚለውን ስም ያወጣላቸው ሟቹ ባላቸው ነው፤ ሰፈሩም ደስ ብሎት ተቀበለው። እውነትም ሴትየዋ አንድ ቦታ ረግቶ መቀመጥ አይሆንላቸውም። ቁጭ ካሉ አንድ ነገር ትዝ ይላቸዋል፤ ትዝ ያላቸውን ሊያነሱ ሲሄዱ መንገድ ላይ ሌላ ነገር ያገኛሉ፤ ያንን ሲያደርሱ ደግሞ መጀመሪያ ለምን እንደተነሱ ይጠፋባቸዋል። እንግዲህ እንዲህ ያሉትን ሴት ነው እግዜር ለረጅም መንገድ ሾፌር ድሮ፣ እሱን በየአገሩ ሲያዞር እሳቸውን በር ላይ ያቆማቸው።

ባልየው ዕድሜውን መሪ ላይ ጨረሰ። በተመለሰ ቁጥር ያየውን ያወራላቸዋል፤ ጉም የሚውጠውን ቁልቁለት፣ ወንዝ ዳር ያለውን ገበያ፣ አሸዋው መንገዱን እየበላ ሾፌር የሚያስለቅስበትን ሜዳ። ወሬ ይችልበት ነበርና እትዬ ሽርጉድ እንኳ ሥራቸውን ትተው አፋቸውን ከፍተው ይሰሙታል። “አንድ ቀን ይዤሽ እሄዳለሁ” ይላል መጨረሻ ላይ። “አንተ ምን አለብህ፣ ትሄዳለህ” ይላሉ እሳቸው። ያ አንድ ቀን ሳይመጣ ሰውየው አንድ ማለዳ ልቡ ቀጥ አለና ሞተ።

የተወው ንብረት ቢኖር በስተርጅናው የራሱ ያደረገው አሮጌ አውቶብስ ነው። ሞተሩ ደህና ነው፤ ሰው ግን እንዲህ ባለ አሮጌ ነገር መሳፈር ትቷል። ልጃቸው ወደ ግቢው አስገባውና አፍንጫውን ወደ በሩ፣ ጭራውን ወደ ጓሮው አድርጎ አቆመው። ግቢው ወደ ጓሮ የሚያዘቀዝቅ ስለሆነ አውቶብሱ ቀና ብሎ አጥር ማዶ የሚያይ ይመስል ነበር። እትዬ ሽርጉድም የኪራይ ቤታቸውን ለቀው እዚያው ልጃቸው ጋ አንድ ክፍል ውስጥ ገቡ።

ምራታቸው ክፉ ብትሆን ይሻል ነበር። ከክፉ ምራት ጋር እየተጣሉም ቢሆን ቀኑ ይመሻል። ይህቺ ግን ማር ናት። ሳህን ሲያነሱ “ኧረ ይቀመጡ እማማ!” ትላለች። መጥረጊያ ሲይዙ “አፈር ስሆን ይቀመጡ!” ብላ ከእጃቸው ትነጥቃለች። ልብስ ሊያጥቡ ሲሉ እንባዋ ይመጣል፤ ሰው ምን ይለኛል ነው ነገሩ። እትዬ ሽርጉድ ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ ሲሉ ይውላሉ። አልጋቸውን አንድ ጊዜ ወደ ግራ፣ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ ይገፋሉ። ጉልበታቸው ደረጃ ሲወጡ መንቋቋት ጀምሯል፤ እሱን ሲሰሙ ደግሞ ይብስባቸዋል። “ይቀመጡ” የሚለው ቃል እውነት ሊሆን ነው ብለው ፈሩ።

አንድ ቀን ምራታቸው ገበያ ስትሄድ አድፍጠው መጥረጊያ ያዙና አውቶብሱ ውስጥ ገቡ። ከኋላ እስከ ፊት ጠረጉት። ሲጨርሱ የሾፌሩ ወንበር ላይ አረፍ አሉ። የፊት መስታወቱ ትልቅ ነው፤ ከበሩ በላይ መንገዱ ይታያል፤ መንገዱ ላይ ሰው ያልፋል፣ መኪና ያልፋል። ያን ዕለት ምሳ ላይ አፈነዱት።

“አውቶብሱን ቤት አድርገህ ሥራልኝ፤ ልሄድ ነው” አሉት ልጃቸውን።

“ወዴት?”

“አባትህ ወደሄደበት።”

የልጁ ማንኪያ ከእጁ ወደቀ። ምራቲቱ “በስመ አብ!” ብላ ደረቷን ያዘች።

“ወደ ነዳበት ነው እንጂ ወደ ሞተበት መች ወጣኝ!” አሉ እትዬ ሽርጉድ ተናደው። “ጉልበቴ ሳይከዳኝ ያን መንገድ ማየት አለብኝ። ስንት ዘመን በወሬ ብቻ!”

“ማን ይነዳዋል?” አለ ልጁ። እዚህ ላይ የያዛቸው መስሎታል።

የሚነዳውማ ነበረ። ታናሽ እህታቸው የከተማ አውቶብስ ስትነዳ ኖራ በቅርቡ ጡረታ የወጣች ናት። ባልደረቦቿ ፍሬን የለሽ ይሏታል፤ የመኪናዋን ሳይሆን የአፏን ነው። ዕድሜዋን ሙሉ አንድ መስመር ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስትመላለስ ኖራ ከዚያ መስመር ውጭ ምን እንዳለ የማየት ጉጉት አንገቷ ላይ ደርሷል። ታላቅየዋ ነገሩን በስልክ ሲነግሯት ዓረፍተ ነገሩን እንኳ አላስጨረሰቻቸውም። “መቼ?” ብቻ ነው ያለችው።

ልጃቸው ግንበኛ ነው። በሙያው ውሃ ልክ ይሉታል፤ ውሃ ልክ ያቺ መስታወቷ ውስጥ ያለችው አረፋ መሃል ላይ ስትቆም “ቀጥ ብሏል” የምትል መሣሪያ ናት። ሌላው ግንበኛ በዓይኑ የሚያልፈውን እሱ ውሃ ልኩን ሳያስቀምጥበት አያልፍም። አንድ ድንጋይ ከማንሳቱ በፊት ደግሞ ሁልጊዜ የሚጠይቃት ጥያቄ አለችው፤ “ምን ላይ ነው የሚቆመው?” ይላል። አሠሪዎቹ በዚህች ጥያቄ ይሰላቻሉ፤ ግድግዳው ሲያልቅ ግን ሌላ ሰው አይጠሩም። ነገሩን ሲያሰላስል ሰነበተና አንድ ማታ ከሥራ ሲመለስ “እሺ እማ፤ እሠራዋለሁ። ግን ሌላ ሰው እንዳይነካው” አላቸው። እትዬ ሽርጉድ ግንባሩን ሳሙት። ምራቲቱ ፊቷን አዙራ አፍንጫዋን ጠረገች።

ሥራው ተጀመረ። የተሳፋሪ ወንበሮቹ አንድ በአንድ ተፈቱ፤ ብሎኖቹ ዝገው አንለቅም ብለው ልጁ ላብ በላብ ሆነ። ከሾፌሩ ጎን ያለው ወንበር ብቻ ቀረ። ወለሉ ኮምፔንሳቶ ለበሰ። ጭራው ላይ አልጋ ቆመ፤ ከሥሩ መሳቢያ ተገጠመለት። በግራ በኩል የዕቃ ማጠቢያና የጋዝ ምድጃ፣ በቀኝ ጠረጴዛ፣ ከላይ መደርደሪያ። ጣሪያው ላይ የውሃ ታንከር ተቀመጠ። እትዬ ሽርጉድ መጋረጃውን ሰፍተው ሰቀሉት፤ አልወደዱትም፤ ፈትተው እንደገና ሰፉት። ልጁ ጣውላ ሲሰነጥቅ እሳቸው ከሥሩ ሰጋቱራ ይጠርጋሉ፤ ምስማር ሳይጠይቃቸው ያቀብላሉ። እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሏቸው አያውቅም።

ግን ሥራው አላልቅ አለ። ሻንጣቸውን ያዘጋጃሉ፤ “ቀለሙ ይድረቅ እማ” ይባላሉ። ቀለሙ ይደርቃል፤ “ማጠፊያው አልጣመኝም፣ ልቀይረው” ይላል። ማጠፊያው ይቀየራል፤ አንድ መደርደሪያ ትጨመር ይላል። ሻንጣው ይታሰራል፣ ይፈታል። እትዬ ሽርጉድ ከቤት ወደ አውቶብስ፣ ከአውቶብስ ወደ ቤት ሲመላለሱ ሣሩ ላይ መንገድ አወጡ። እህታቸው እየመጣች ሞተሩን አስነስታ ታዳምጠውና ልጁ ላይ ትጮሃለች።

“አንተ ልጅ፣ አውቶብስ ነው የምትሠራው ወይስ ቤተ መንግሥት?”

“አክስቴ፣ ጥድፊያ አይወድም ይሄ።”

“እኔም አንተን አልወድህም፤ ቶሎ ጨርስ!”

በስተመጨረሻ አለቀ፤ ሲያልቅም ያምር ነበር። ልጁ ብርጭቆ እስከ አፉ ውሃ ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ጠብታ አልፈሰሰም፣ በአንድ በኩልም አላጋደለም። እትዬ ሽርጉድ አልጋው ላይ ጋደም አሉ፤ እንደ ሰው ቤት አልጋ ቀጥ ያለ ነው። የጠረጴዛው እግሮች ግን ዓይናቸው ውስጥ ገቡ፤ የኋለኞቹ ከፊተኞቹ ረዘም ይላሉ። “ይሄ ምንድን ነው?” አሉት። “ግቢው ተዳፋት ስለሆነ ነው” ብሎ ወደ መሣሪያ ቦርሳው ዞረ። የሙያው ነገር ይሆናል ብለው ተዉት፤ ልባቸው በር ላይ ነበር።

በሚሄዱበት ጠዋት ልጃቸው ጨርሶ አልሸኛቸውም። “አስቸኳይ ሥራ አለኝ” ብሎ በማለዳ ወጥቶ ሄዷል። እትዬ ሽርጉድ ከፋቸው። ምራቲቱ ለሦስት ወር የሚበቃ ስንቅ ጭና ስታበቃ አለቀሰች፤ “ይቀመጡ” ማለት እንኳ አቃታት። ፍሬን የለሽ ክላክሱን ነፋችና አውቶብሱ ከበሩ ወጣ።

ገና የመጀመሪያዋን ኩርባ ሳይጨርሱ አንድ ሽንኩርት እየተንከባለለ መጥቶ ፍሬን የለሽ እግር ሥር ቆመ። ሁለተኛው ተከተለው።

“ምነው፣ ቁልቁለት ነው እንዴ?” አለች።

“እኔ ምን አውቃለሁ፣ የምትነጂው አንቺ!”

ቁልቁለት አልነበረም። የመሳቢያዎቹ አፍ ከኋላ ተከፈተ፤ ማሰሮው ከመደርደሪያው ተንሸራቶ ወረደ፤ የምራቲቱ ስንቅ ከረጢቱን ይዞ ወደ ፊት ሰልፍ ጀመረ። እትዬ ሽርጉድ ወደ ኋላ ሲመልሱት ተመልሶ ወደ ፊት ይመጣል። ከከተማው ጫፍ ያለው ነዳጅ ማደያ ሲደርሱ ሜዳው እንደ ጠረጴዛ ለጥ ያለ ሲሚንቶ ነውና እህትየዋ እዚያ አቆመች። ማጠቢያው ላይ ውሃ ከፈቱ፤ ውሃው ቀዳዳውን ትቶ ፊት ለፊቱ ጥግ ላይ ተጠራቀመና ወለሉ ላይ ፈሰሰ። እትዬ ሽርጉድ አልጋው ላይ ወጥተው ሞከሩት፤ ቀስ ብለው በእግራቸው በኩል እየተንሸራተቱ ወረዱ።

ፍሬን የለሽ ወለሉ ላይ ተዘርፍጣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። “ውሃ ልክ! ጉዴ ፈላ! ያንን ሁሉ ቀን የለካው ከመሬቱ ነው! ግንበኛ ያው ግንበኛ ነው እታለም፤ ቤት የሚንቀሳቀስ ነገር መሆኑ ጭንቅላቱ ውስጥ አይገባም። እዚያ ተዳፋት ላይ ቀጥ አድርጎት፣ እዚህ ሜዳ ላይ ተጣሞ ቁጭ!”

እትዬ ሽርጉድም አብረው ሳቁ። ኋላ ግን አንድ ነገር ከነከናቸው። ልጃቸውን ያውቁታል። ምን ላይ እንደሚቆም ሳይጠይቅ ድንጋይ የማያነሳ ሰው አውቶብስ መንገድ ላይ እንደሚቆም አጣው? ስልካቸውን አወጡ። “ከከተማው ጫፍ ማደያው ጋ ና” ብቻ አሉትና ዘጉት።

ልጁ በኪራይ ሞተር ሳይክል መጣ። አስቸኳይ ሥራው የት እንደገባ እንጃ፤ የቤት ልብሱን እንደለበሰ ነው የመጣው። ትከሻው ላይ የመሣሪያ ቦርሳውን አንግቷል። አክስቱ የስድብ ክምችቷን አሰልፋ ስትጠብቀው እናቱ ቀደሟት።

“አውቀህ ነው?”

ልጁ ዓይኑን ከሲሚንቶው አላነሳም። “አውቄ ነው።”

 ፍሬን የለሽ በሕይወቷ ቃል ያጣችበት ቀን ቢኖር ያ ነው።

“ከአውቶብሱ ወለል ተነስቼ ብለካ የትም ሜዳ ላይ ሲቆም ልክ ይሆን ነበር” አለ። “እኔ ግን ከግቢው ተዳፋት ተነሳሁ። ትወጣላችሁ፣ አልመች ይላችኋል፣ ትመለሳላችሁ ብዬ ነው። ተመለሺ እማ። እዚያ ሁሉም ቀጥ ይላል። በሩ የራስሽ ነው፣ ምድጃው የራስሽ ነው። ለሚስቴም እነግራታለሁ፤ ማንም ይቀመጡ አይልሽም።”

እትዬ ሽርጉድ ሊቆጡት አፋቸውን ከፈቱ፤ ቁጣው አልመጣም። ያ ሁሉ መቀባት፣ ያ ሁሉ ማጠፊያ መቀየር ገባቸው። ልጁ ቀን ሲገዛ ነበር። ለአንድ አፍታ ደግሞ እውነት ለመናገር ተመኙት፤ የራሳቸው በር፣ የራሳቸው ምድጃ፣ ማታ ማታ የልጃቸው ድምፅ። ወደ መንገዱ ዞረው አዩ። የጭነት መኪናዎች እየተከታተሉ ያልፋሉ፤ ወዴት እንደሚሄዱ አያውቁም፤ እግራቸው መሬቱ ላይ አልረጋ አላቸው።

“የሠራኸው ቤት ደስ ብሎኛል” አሉት። “ግን ግቢህ ውስጥ ከቆመ ቤት አይደለም፤ ትልቅ ወንበር ነው። እኔን ደግሞ መቀመጥ ገደለኝ ልጄ። መጋዝ ይዘሃል?”

“ይዣለሁ።”

“ልትመልሰኝ ከመጣህ መጋዙ ለምንህ ነው?”

“ብትመለሺ ደስ ይለኝ ነበር” አለ ልጁ። “ባትመለሺ ግን ተጣመሽ እንድትተኚ አልፈለግኩም።”

ፍሬን የለሽ ፊቷን ወደ ማደያው አዞረች፤ ነዳጅ ቀጂው ምን ሆና ነው ብሎ አያት። “አቧራ ነው!” ብላ ጮኸችበት።

ልጁ ሸሚዙን አውልቆ ገባ። የአልጋውን የኋላ እግሮች ቆረጠ፤ የጠረጴዛውን ቆረጠ፤ ማጠቢያውን ፈትቶ ዝቅ አደረገው፤ መደርደሪያዎቹን አንድ በአንድ ነቅሎ እንደገና መታ። አክስቱ ጣውላ ትይዝለታለች፣ በየመሃሉም “አዎ፣ አሁን እንደ ሰው ሠራህ” ትላለች። እትዬ ሽርጉድ ምስማር ያቀብላሉ፣ ሰጋቱራ ይጠርጋሉ፣ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። በዚያ ግቢ ውስጥ ወራት የፈጀው ነገር በአንድ ከሰዓት ተስተካከለ፤ ልጁ ሲፈልግ ለካ ፈጣን ነው። ውሃ ልኩን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ አረፋዋ መሃል ላይ ሄዳ ቆመች። እሱ ግን ደስ አላለውም። መሣሪያውን ወደ ቦርሳው ከተተና የአውቶብሱ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። እናቱ ከጎኑ ቆሙ።

“አባዬ ሲሄድ በር ላይ የምንቆመው እኔና አንቺ ነበርን” አለ ሳያያቸው። “እጄን ይዘሽ እስኪጠመዘዝ ድረስ እናየዋለን። ከዚያ ‘በል ና ግባ’ ትይኛለሽ። ጠዋት ያልሸኘሁሽ ለዚያ ነው። አሁን በል ና ግባ የሚለኝ ማን ነው?”

ጠጉሩ መሸበት ጀምሯል፤ ትከሻው ላይ ሰጋቱራ አለ።  እትዬ ሽርጉድ ሊያባብሉት ፈለጉ፤ ውሸት እንደሚሆን አወቁ። እጃቸውን ራሱ ላይ አደረጉ።

“እኔም አንተን ግባ የምልህ፣ እኔን ግቢ የሚለኝ ስላልነበረ ነው” አሉት። “ራስህን ትለዋለህ። መጀመሪያ ላይ ይከብዳል። ከዚያም ይከብዳል። ግን ትገባለህ።”

ልጁ ራሱን ነቀነቀ። ተነሣና ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእግሩ መታ መታ አደረገ፤ ምንም እንዳልጎደላቸው ያውቃል። ሌላ የሚነካው ነገር ሲያጣ ወደ ኋላ ሸሸት አለ።

እትዬ ሽርጉድ ከእህታቸው ጎን ተቀመጡ። ሞተሩ ተነሣ፣ ማርሹ ገባ፣ አውቶብሱ ከሲሚንቶው ወደ አስፋልቱ ወጣ። ከኋላ የሚንከባለል ነገር አልነበረም። በስፖኪዮው ውስጥ ልጃቸው ቆሟል። እጁን አላነሳም፤ እጁን አንስቶ የሚሸኝ ልጅ ሆኖ አያውቅም፣ ትንሽ ሆኖም ዝም ብሎ ነው የሚቆመው። አውቶብሱ በሄደ ቁጥር እሱ ያንሳል። መጀመሪያ ፊቱ ጠፋ፤ ቀጥሎ ትልቅ ሰው መሆኑ ጠፋ፤ መንገድ ዳር ሰው የሚያይ አንድ ልጅ ብቻ ቀረ።

እትዬ ሽርጉድ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚሄደው ሰው ቀሎት የሚሄድ ይመስላቸው ነበር። “አንተ ምን አለብህ፣ ትሄዳለህ” ባሉት ቁጥር ባላቸው መልስ አይሰጣቸውም፤ እሳቸው ደግሞ ዝምታውን እንደ ግድ የለሽነት ይዘው ስንት ጊዜ አኩርፈው ተኝተዋል። ለካ እሱም በዚህች መስታወት ውስጥ እያያቸው ነበር፤ እሳቸውንና ልጁን፣ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ፣ እያነሱ እያነሱ። ይህንን አንድ ቀን እንኳ ከመንገዱ ወሬ ጋር አውርቶላቸው አያውቅም። እንባቸው ያለ ድምፅ ወረደ።

ፍሬን የለሽ አየቻቸው። እግሯን ፍሬኑ ላይ አሳረፈች። “ላቁም እንዴ እታለም? በሞቴ፣ ላቁመው?”

ቁሚ ማለት ፈለጉ። ቁሚ፣ አዙሪው፣ ልጄ መንገድ ላይ ቆሟል ማለት ፈለጉ።

“ንጂ” አሉ፤ ድምፃቸው አልወጣም።

ደግመው “ንጂ” አሉ።